ምላሴን ነክሼ

አራት ዓመቷ ነበር፤ በርጩማ ጎትታ
ከመክተፊያው ፊት ቆመች፣ እጇን ዘርግታ።
«ቢላ» አለች። ሰጠኋት።
«ጣትሽን እጠፊው፣ ጥፍርሽ ይደበቅ፣
ዓይንሽ ከስለቱ ለአፍታም አይራቅ»
አልኳት፤ ሌላ አልጨመርኩም።
የካሮቱ ቁራጭ አንዱ እንደ ጡብ ወፍራም፣
አንዱ እንደ ወረቀት፤ ቢሆንም ግድ የለም፤
«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ቢባልም
እኛ ግን በላነው፤ ማንም አልተራበም።

አገሩ ሎፎተን ነው፤
ተራራው ከባሕር ቀጥ ብሎ የተነሣ፣
ሰው ብርዱን የሚያልፈው በዓሣ፣ በዓሣ።
በየካቲት ጀልባው ተጭኖ ሲመጣ
የሰፈሩ ሕፃን ቢላ ይዞ ይወጣል፣
የኮዱን ጭንቅላት ከሹል ብረት ሰክቶ
ምላሱን ይቆርጣል፣
በኪሎ ይሸጣል።
ብስክሌት ያማረው፣ ለነገ ያሰበም አለ፤
ገና ጥርሱን ሳይነቅል «ገንዘቤ» እያለ።

እኔ የዚህ አይደለሁም። ከኤልቬሩም ጫካ ነው የመጣሁ፤
ቢላ በሚደበቅበት ቤት ነው ያደግሁ።
ሙሽራ ሆኜ እንኳ ድንች መላጥ አቅቶኝ
ኤይሊፍ በሠርጋችን ሳምንት ሳቀብኝ።

አስላውግ፣ እናቴ፣ ለገና መጥታ
ቢላዎቹን ሁሉ ከመሳቢያው አውጥታ
ከቁም ሣጥኑ አናት ሸሸገቻቸው።
«ልቅ እናት ነሽ!» አለች፤ «ኋላ እንዳታለቅሺ።»
መልስ አልሰጠኋትም፤ ምላሴን ነክሼ።
በማግስቱ ሲኖቬ
ወንበር በሣጥን ላይ፣ በወንበር መጽሐፍ ደራርባ
ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥላ አገኘናት፣
የዳቦውን ቢላ በብብቷ ሸጉጣ።
እናቴ ጮኸች።
ልጅቷ ያን ጊዜ ነው የተንገዳገደችው።

ግን ልናዘዝ።
ቦርግሂል ጎረቤቴ «እምነት ነው» ትላለች፣
«ልጇን ታምናታለች» ብላ ታወራለች።
እኔ እንጃ።
ታኅሣሥ ፀሐይ በማትወጣበት፣
ኤይሊፍ ባሕር ላይ፣ እኔ ብቻዬን ቤት፣
«እሺ» ማለት ይቀላል «አይሆንም» ከማለት።
ለቁርስ ኬክ? እሺ። ያለ ካልሲ በረዶ ላይ? እሺ።
በእኩለ ሌሊት ሥዕል? እሺ፣ እሺ፣ እሺ።
እምነት ይሁን ድካም
ስለቱና ጀርባው በጨለማ አይለይም።

ዘንድሮ ስድስት ሞላት። ምላስ ቆራጭ ሆነች።
የላስቲክ ቱታዋን እስከ ጉልበት ጠቅልላ
ከትልልቆቹ ጋር ወደቡ ላይ ዋለች።
«የተሳለ ቢላ ወዳጅ ነው፣ የደነዘው ይከዳል»
ይላታል አባቷ፣ ሁሌም ይነግራታል።
በዚያ ሐሙስ ቢላው ደንዞ ነበር፤
ሸርተት አለ ከዓሣው መንጋጋ፣
አውራ ጣቷን አገኘ።
ሁለት ስፌት።
ሐኪሙ ምንም አላለኝ። ቀና ብሎ አየኝ።
ከቢላው የባሰ ያ ዝምታ ቆረጠኝ።
መኪና ውስጥ ገብተን ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«እማ፣ ሳልስለው ወጣሁ፤ የኔ ጥፋት ነው» አለች።
ሞረዱ ከኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤
መሳሉም የኔ ሥራ።
ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ።
እኔ ግን እንደ ልማዴ
ምላሴን ነከስኩ፣
መንገዱን አየሁ፣
የዝናብ መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ሌሊቱን ተቀምጬ የቤቱን ቢላ ሁሉ ሳልኩ።
ጠዋት ተነሥታ፣ በፋሻ የታሰረ ጣቷን አቁማ፣
በርጩማው ላይ ወጥታ ዳቦ ትቆርጣለች።
«መሳሉ የኔ ሥራ ነበር» አልኳት።
«አዎ» አለች፣ ዞራም ሳታየኝ።
አንዱን ቁራጭ ወደኔ ገፋችው፤
አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ።
እጆቼ ከጠረጴዛው ሥር ናቸው፤
«አትንኩ!» እንደተባሉ ሁለት ሕፃናት
እርስ በርስ ጥብቅ አድርገው ተያይዘው።